ቃል የምትደግመው ልጅ

በ፲፱፻፸፫ ዓ.ም. ሰኔ መጀመሪያ ላይ ሁሩታ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ፣ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ አዋሽ መልካሳ ላይ ጎማው ፈነዳ። ረዳቱ "አምስት ደቂቃ ነው" አለ። የረዳት አምስት ደቂቃ ስንት እንደሆነ የምናውቅ ሰዎች ወርደን ከግራር ሥር ተቀመጥን።

አጠገቤ የተቀመጡት ደራ ላይ የተሳፈሩ ሽማግሌ ነበሩ። ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው መንገዱን እንደ ባላጋራ ያዩታል።

"አካም ቡልተን" አልኳቸው። ኦሮምኛዬ ከሰላምታ ብዙም አያልፍም።

"ነጋ" አሉ። በዚህ ሰላምታዬን ከመለሱ በኋላ በአማርኛ፣ "ለመሆኑ ይህ መኪና ከምሳ በፊት ናዝሬት ይገባል? ሳይዘጋ የምደርስበት ቢሮ አለ።"

"የት ነው ቢሮው?"

"የካቶሊኮቹ ትምህርት ቤት ነው። ልጄን ላስወጣ እየሄድኩ ነው።"

እኔ የዚያ ትምህርት ቤት የወላጅ ኮሚቴ አባል ነኝ። የልጅ ልጄ እዚያ ትማራለች። ይህን ግን ወዲያው አልነገርኳቸውም። ናዝሬት ጣቢያ የባቡር መስመር ሳቀያይር ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሬ የተማርኩት፣ የሚመጣውን ሳያዩ መስመር አለመቀየርን ነው።

"ምን አጠፋች?" አልኩ።

"ታሾፍብኛለች።"

"ልጅዎ?"

"የገዛ ልጄ! እኔ ገመቹ ነኝ። ደራ ላይ ቢጠይቁ የማያውቀኝ የለም። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ድንበር ሲገፋ፣ ደም ሲፈስ የምጠራው እኔ ነኝ። ሰው እኔን ሲያይ ድምፁን ይቀንሳል። ጉዲቱ ግን ለፋሲካ መጥታ በእንግዳ ፊት አዋረደችኝ።"

"እንዴት አድርጋ?"

ኦቦ ገመቹ ከዘራቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። "'ሰባተኛን ስትጨርሺ ይበቃሻል፤ ትምህርት ቤቱ ወረቀት እንጂ እንጀራ አይሰጥም፤ ታይፕ ግን በስድስት ወር ደመወዝ ያስገኛል፤ እሱን ትማሪና ቢሮ ትገቢያለሽ' አልኳት። ታዲያ ልጅ ምን ይላል? 'እሺ አባዬ' ይላል፤ ባይወድም ዝም ይላል። እሷ ተነሥታ ቆመች። እጇን አጣምራ፣ 'አባዬ፣ መልስ ከመስጠቴ በፊት ያሉትን ልድገመው። ትምህርት ቤቱ ወረቀት እንጂ እንጀራ አይሰጥም፤ ታይፕ ግን በስድስት ወር ደመወዝ ያስገኛል ብለዋል። ያሉት እንዲህ ነው?' አለችኝ። ቃሌን ወስዳ አፌ ላይ መለሰችው!"

"እንግዶቹስ?"

"ሳቁ እንጂ! የክርስትና አባቷማ የሚጠጣው ጠላ በአፍንጫው ወጣ።"

እኔም ሳቄ መጣ። ወደ ጎማው ዞር ብዬ ዋጥኩት። እንዳልሳቅሁ እርግጠኛ ስሆን ዞሬ፣ "ኦቦ ገመቹ፣ መደበቅ አይገባኝም፤ እኔ የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ነኝ። አለማየሁ እባላለሁ" አልኳቸው።

"ታዲያ እርስዎም አሉበት!"

"አለሁበት። የልጅቱን ነገርም አውቀዋለሁ። ሹፈት አይደለም።"

"ሹፈት ካልሆነ ምንድን ነው?"

የማውቀውን ነገርኳቸው። ይህ ትምህርት ቤት ቀድሞ ስም ነበረው። ከለውጡ በኋላ የቆዩት መምህራን ሄዱ፤ መጻሕፍቱ በሳጥን ተቆለፉ። ልጆቹ ከሰሌዳ ይገለብጣሉ፣ የገለበጡትን ይሸመድዳሉ፣ በፈተና ማግስት ይረሱታል። ፊደል የቆጠረ ሁሉ የተማረ መሰለን። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ወጣት ቄስ አስተዳዳሪ ሆነው መጡ፤ ሳጥኖቹን ከፈቱ። የመንግሥቱን ትምህርት ሳያጎድሉ ከምሳ በፊት አንድ ሰዓት ጨመሩ። በዚያች ሰዓት ልጆቹ አንድን መጽሐፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነባሉ፤ ግዕዝ ይማራሉ፤ ይከራከራሉ።

"እኔም መጀመሪያ አልወደድኩትም ነበር" አልኩ። "ልጆች ክርክር የሚያንሳቸው አይመስለኝም ነበር።"

"ታዲያ በኋላ ምን አስወደደዎት?"

"ቄሱን ቢጠይቋቸው ይሻላል። የእኔ ትምህርት አራተኛ ክፍል ነው።"

ጎማው ተቀየረ። አምስት ደቂቃው አንድ ሰዓት ከሩብ ሆኖ አለቀ። ኦቦ ገመቹ እስከ ናዝሬት ድረስ ስለ ጎረቤታቸው ልጅ ስለ የሺዓለም አጫወቱኝ። የሺዓለም ታይፕ ተምራ ማዘጋጃ ቤት ተቀጥራለች። ለእናቷ ጫማ ገዝታለች። ይህን ጫማ ሦስት ጊዜ አነሡት።

ከመናኸሪያው እስከ ትምህርት ቤቱ በእግር ሄድን። በልቤ ፈርቼ ነበር። ከደራ የመጡ አምስት ልጆች አሉን። የሁሉም አባቶች የኦቦ ገመቹን እግር የሚከተሉ ናቸው። እሳቸው ልጃቸውን ይዘው ቢወጡ አምስቱም ይወጣሉ።

አባ ኃይለየሱስ ቢሮ ውስጥ ነበሩ። ዕድሜያቸው ከመጨረሻ ልጄ ያንሳል። ብድግ ብለው ተቀበሉን።

"ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁት" አሉ ኦቦ ገመቹ።

"ይቀመጡ፣ አባቴ።"

"ቆሜ እጨርሳለሁ።"

"እንግዲያው እኔም እቆማለሁ" አሉ አባ ኃይለየሱስ። ሁለቱ ሲቆሙ እኔ ብቻ ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ ለክብር መቆም ከተወ ቆይቷል። ጥቂት ተያዩ። ከዚያ ኦቦ ገመቹ፣ "በሉ እንቀመጥ" አሉ።

የፋሲካውን ነገር፣ በአፍንጫ የወጣው ጠላ እንኳ ሳይቀር፣ ሁሉንም ተናገሩ። አባ ኃይለየሱስ እስኪጨርሱ ጠበቁና፣ "አባቴ፣ መልስ ከመስጠቴ በፊት ያሉትን ልድገመው…" ብለው ጀመሩ።

"እርስዎም!" ብለው ኦቦ ገመቹ ከወንበራቸው ዘለሉ። "ለካ ከምንጩ ነው የተቀዳው!"

ቄሱ ፊታቸው ቀላ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልማድ ሆኖብኝ ነው። በክርክር ሰዓት ያለን ሕግ አንድ ነው። ማንም ልጅ መልስ ከመስጠቱ በፊት የባላጋራውን ቃል ይደግማል። ባላጋራው 'አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው' ካላለ መልስ አይፈቀድም። የጥንቶቹ የቤተ ክርስቲያናችን መምህራን በዚህ መንገድ ነበር የሚያስተምሩት።"

"በእኛ ዘንድ የሽማግሌ ቃል ይሰማል እንጂ አይደገምም። ቃል የሚመልሰው የገደል ማሚቶ ነው።"

"እውነትዎን ነው። ጥፋቱም የእሷ አይደለም፤ የእኔ ነው። ሕጉን አስተማርኳት፤ በእንግዳ ፊት፣ ለአባት፣ እንዴት እንደሚባል አላስተማርኳትም። በዚህ ይክሰሱኝ፤ ተረትቻለሁ።"

ኦቦ ገመቹ ይህን አልጠበቁም። ብዙ ነገር አይተዋል፤ ወዲያው ተረትቻለሁ የሚል ሰው ግን እምብዛም አላዩም። ድምፃቸው ትንሽ ለዘበ።

"ደህና። ግዕዙስ ለምንድን ነው? ቄስ ልታደርጓት ነው?"

"ሴት አናቀስስም፤ ይህን አይፍሩ።"

"ታዲያ ካቶሊክ ልታደርጓት ነው?"

"ከኦርቶዶክስ ቤት መጥታለች፤ ኦርቶዶክስ ሆና ትመለሳለች። ግዕዝ አያቶቻችን፣ የእርስዎም የእኔም፣ የጸለዩበት ነው። ቋንቋን በሥርዓት ማወቅ፣ አስተካክሎ ማሰብ፣ አሳምሮ መናገር፤ መጀመሪያ እነዚህን ሦስቱን ነው የምናስተምረው። ከዚያ ቁጥር፣ ልክ፣ ዜማ፣ የከዋክብት አካሄድ ይከተላል። የጥንት ሰዎች የነጻ ሰው ትምህርት ይሉታል። ባሪያ የሚማረው እንዴት እንደሚሠራ ብቻ ነበር። ነጻ ሰው ለምን እንደሚሠራም ይማራል።"

"ነጻው ሰው ይበላል?"

"ይበላል።"

"በምን?"

አባ ኃይለየሱስ ሳቁ። "አባቴ፣ ታይፕ በስድስት ወር ይለመዳል። ስምንተኛን ጨርሳ ብትማረው አልከለክልም፤ እንዲያውም የቢሮውን ማሽን አበድራታለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እርስዎ አለቃ ቢሆኑ፣ ደብዳቤዎ ውስጥ የላይኛው መስመር ከታችኛው ሲጣላ አይታ 'ጌታዬ፣ ይህ አይጋጭም?' የምትል ጸሐፊ አለች። ጣቷ ብቻ የሚሠራ ሌላም አለች። የትኛዋን ይቀጥራሉ?"

"ዝም የምትለዋን።"

ሦስታችንም ሳቅን። ኦቦ ገመቹ ግን ቀድመው አቆሙ።

"ቀልድ አይደለም፣ አባ። በዚህ ዘመን አፉን የከፈተ ልጅ የት ደረሰ? እኔ አንድ ሴት ልጅ ነው ያለችኝ።"

ከእንግዲህ የምንነጋገረው ስለ ታይፕ እንዳልሆነ ገባኝ። እኔም ቤት ያልተመለሰ የእህት ልጅ አለኝ። አባ ኃይለየሱስ ወደ መስኮቱ ተመለከቱ፤ ቀስ ብለው ተናገሩ።

"ጆሮ የማስቀድመው ለዚሁ ነው። የጮኸው ሁሉ እውነት የመሰላቸው ልጆች፣ የሌላውን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሰሙ የተሰለፉ ናቸው። የሚጠላውን ሰው ቃል ሳያጣምም መድገም የተማረ ልጅ ለመጮህ አይቸኩልም። መቼ መናገር፣ መቼ ዝም ማለት እንዳለበትም ያውቃል። አፍ የማስከፍታት ቢመስልዎም፣ የማስተምራት መጠበቅን ነው።"

"በአፍ ሁሉም ያምራል" አሉ ኦቦ ገመቹ። "እኔ በዓይኔ ባላየሁት አልፈርድም።"

"ሰዓቱ አሁን ነው፤ ይግቡና ይዩ። የሚከራከሩበትን ነገርም እርስዎ ይስጧቸው።"

"እሰጣለሁ። ሦስት እሑድ ተቀምጠን ያልፈታነው ነገር አለኝ። እነሱም ካቃታቸው ልጄን ይዤ እወጣለሁ።"

"ይሁን" አሉ ቄሱ። እኔ ብሆን ይሁን አልልም ነበር።

ሰባተኛ ክፍል አርባ ስምንት ልጆች አሉ። ጉዲቱ አባቷን ስታይ እርሳሷ ከእጇ ወደቀ። ኦቦ ገመቹ ሰሌዳው አጠገብ ቆመው ነገሩን አቀረቡ። ሲናገሩ ለምን ሽማግሌ እንደሆኑ ገባኝ። አንድ ቃል አይተርፍም፣ አንድ ቃል አይጎድልም።

ፈይሳና ጫላ የሚባሉ ሁለት ጎረቤቶች አሉ። እያንዳንዳቸው ያላቸው አንድ አንድ በሬ ነው። በአንድ በሬ አይታረስም፤ ስለዚህ በሬዎቻቸውን አቀናጅተው በተራ ያርሳሉ፤ አንድ ቀን የፈይሳን መሬት፣ አንድ ቀን የጫላን። ፈይሳ የሚካኤልን ቀን ያከብራል። ጫላ የሚያከብረው ጊዮርጊስን ነው። ግንቦት አሥራ ሁለት ቀን ሚካኤል ሆነ፤ ተራው ደግሞ የጫላ ነበር። ጫላ ሁለቱንም በሬዎች ጠምዶ አረሰ። ፈይሳ በሬውን ፈትቶ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ የሁለቱም መሬት ጦሙን አደረ፤ የስንዴው መዝሪያ ደግሞ ደረሰ።

"እኛ ሽማግሎች የጠየቅነው ይህን ነው" አሉ። "በዓሉ የሰውየው ነው ወይስ የበሬውም ጭምር? ቄስ አስጠራን። አንዱ ቄስ እንዲህ አለ፣ ሌላው እንዲያ አለ። ፍቱት።"

ልጆቹ ተንጫጩ። አባ ኃይለየሱስ ጸጥ አሰኟቸውና፣ ዙለይካ የምትባለውን ልጅ ለፈይሳ፣ ጉዲቱን ለጫላ እንዲናገሩ አስነሡ። ዙለይካ የቀበሌያችን ዳቦ ጋጋሪ ልጅ ናት፤ ድምፅዋ ጎዳና ይሻገራል።

"እኔ ፈይሳ ነኝ" ስትል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። "በሬዬ በሚካኤል ቀን ተጠምዷል። በዓሌ ተሽሯል። ከእንግዲህ ከጫላ ጋር አልቀናጅም።"

ጉዲቱ አባቷን ሳታይ፣ "በዓልህ ስለተሻረ አዝነሃል። ያልከው እንዲህ ነው?" አለች።

ዙለይካ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። "አላውቅም" አለች።

"እንዴት አታውቅም? ፈይሳ አንተ ነህ!" አለ አንዱ ከኋላ።

"ፈይሳ ራሱ ያለውን አልሰማሁማ! እኔ የተናገርኩት ሽማግሌው የነገሩንን ነው።"

ጉዲቱ ያን ጊዜ ወደ አባቷ ዞረች። "አባዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በመጀመሪያው እሑድ ፈይሳ ሲቆም ያለው ቃል ምን ነበር? እሱ እንዳለው።"

ኦቦ ገመቹ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያልተጻፈ ነገር ሁሉ በልባቸው የሚያኖሩ ሰው ናቸው። "'በሬዬን ሳይነግረኝ ጠመደው፤ ያውም በሚካኤል' አለ።"

"በሁለተኛውስ?"

"'ሳይነግረኝ' አለ።"

"በሦስተኛውስ?"

ዓይናቸውን ገለጡ። "'ማን ነገረኝ?' ብሎ ተነሥቶ ሄደ።"

ጉዲቱ ወደ ዙለይካ ተመለሰች። "እንግዲያው ያዘንከው ጫላ በሬህን ሳይነግርህ ስለጠመደ ነው። በዓሉ ሐዘንህን አበዛው እንጂ አልጀመረውም። ያልከው እንዲህ ነው?"

"አዎ!" ብላ ጮኸች ዙለይካ። "ያልኩት ይህንኑ ነው!"

አሁን ተራው የጉዲቱ ሆነ። "እኔ ጫላ ነኝ። በተራዬ ቀን በሬው የእኔ ነው፤ አንተም በተራህ ቀን የእኔን በሬ ስትጠምድ አንድም ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም።" ዙለይካ ደገመችው፤ ጉዲቱ አዎ አለች። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ እንደሆነ ሁለቱም አዩት፤ በተራ ቀን የበሬው ጌታ ይጠየቃል ወይስ አይጠየቅም? ጎረቤቶቹ ሲቀናጁ ይህን አልተነጋገሩበትም። ማንም አልበደለም፤ ውላቸው ጎደሎ ነበር። በበዓል ቀን ግን አስቀድሞ ቢነገር ይሻላል ብለው ተስማሙ።

ኦቦ ገመቹ ከፊተኛው የልጆች አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸው አገጫቸው ደረሰ። "ሦስት እሑድ ሙሉ የሚካኤልን በዓል ስንፈትሽ ከረምን" አሉ። "ሰውየው ደግሞ ሦስት ጊዜ ነገረን። ስለ በዓል የምንመልሰው ስለነበረን፣ የሰማነው በዓሉን ብቻ ነው።"

ልጆቹ ለምሳ ሲወጡ ኦቦ ገመቹ ጉዲቱን አስቀሯት። እኔና አባ ኃይለየሱስ ወደ በሩ ፈቀቅ አልን፤ ቢሆንም ሰማሁ።

"በፋሲካ ደገምሽብኝ፤ ከዚያ ልትመልሺ የነበረውን ግን አልሰማሁም። እስቲ ንገሪኝ።"

"ታይፕ እንጀራ ነው ያሉት እውነት ነው፣ አባዬ። ብማረው ደስ ይለኛል። ግን መምህርት መሆን ነው የምፈልገው። ደራ ላይ ሴት መምህርት የለችም። እናቴ ወደ መሠረተ ትምህርቱ ሦስት ቀን ብቻ ሄዳ የቀረችው፣ ወጣቱ አስተማሪ ሲያፋጥጣት አፍራ ነው። አስተማሪዋ እኔ ብሆን አትቀርም ነበር።"

ኦቦ ገመቹ ጉሮሮአቸውን ጠረጉና፣ "ታይፕ ጥሩ ነው፤ ግን መምህርት ልሁን፤ እናቴን እኔ ላስተምራት፤ አልሽ" አሉ። "ያልሽው እንዲህ ነው?"

"አዎ፣ አባዬ።"

"እንግዲያው ትምህርትሽን አታቋርጪ። ተማሪ።"

ወጥተው ለቄሱ ሁለት ነገር ተናገሩ። አንደኛ፣ ልጆች በቤት ውስጥ ቃል ሲደግሙ በትሕትና፣ እንግዳ በሌለበት ይሁን። ሁለተኛ፣ በየመንፈቁ ወላጅ እየገባ ክርክሩን ይይ፤ ሳያይ መጥላት ቀላል ነውና። አባ ኃይለየሱስ ሁለቱንም ተቀበሉ።

ፈይሳና ጫላ በሚቀጥለው እሑድ ታረቁ። ኦቦ ገመቹ ሁለቱንም የሌላውን ቃል እያስደገሙ እስከ ቀትር ቆዩ፤ አንድ ሽማግሌ ተሰላችቶ ሄደ አሉ። ሰኞ ጠዋት በሬዎቹ ተጠመዱ። በመስከረም ከደራ የመጡት ልጆች ዘጠኝ ሆኑ።

ስለ ትምህርት ብዙ አላውቅም፤ ያየሁትን ግን እናገራለሁ። ከሰሌዳ የገለበጠ ልጅ ሰሌዳው ሲጠፋ እውቀቱም አብሮ ይጠፋል። መጽሐፍ ጨርሶ ያነበበ፣ የሰውን ቃል ሳያጣምም የያዘ፣ ጥያቄን ከጥያቄ የለየ ልጅ ግን የትም ቢሄድ ይሠራበታል፤ እርሻ ላይ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ትዳር ውስጥ። ያረጀ ትምህርት ቤት በቀለም ቅብ አይታደስም። ሳጥን ውስጥ የተቆለፈው መጽሐፍ ሲወጣና ልጆች ሲያነቡት ይታደሳል። እንጀራውም ከዚያ ይመጣል፤ ትንሽ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ወላጆችም እንዲህ ዓይነት ትምህርት ሲያጋጥማቸው፣ ልጃቸውን ከማስወጣታቸው በፊት አንድ ቀን አግዳሚው ላይ ይቀመጡ።

በኅዳር የመጀመሪያው የወላጆች ቀን ሆነ። ወንበር አነሰ፤ ከቀበሌ አዳራሽ ተበደርን። ጸጥታ ሲሆን፣ የባቡር ጣቢያ ሻይ ቤት ባለቤት ወይዘሮ አበዛሽ ባሏን በክንዱ ይዛ ተነሣች።

"እኛም ነገር አለን" አለች። "ትንሿ ልጃችን ዘንድሮ ትግባ፤ ሥራውን ለብቻዬ እችለዋለሁ እላለሁ፤ እሱ በሻይ ቤቱ ማን ያግዝሻል ይላል። አምስት ወር ተጨቃጨቅን። ስሙንና ዳኙን።"

ባልየው ጣሪያውን አየ። አንዲት ልጅ ተነሥታ፣ "አባባ፣ ከመናገራችን በፊት ወይዘሮ አበዛሽ ያሉትን በትሕትና ይድገሙልን" አለችው። ሰውየው ሊደግም ጀመረ፤ መሐል ላይ ቆመ፤ ሚስቱን አየ።

"ለካ አጋዥ የሚያስፈልግሽ የመሰለኝ እኔ ብቻ ነኝ" አለ። "አንቺ ያለ ልጅቷም ሥራውን እችለዋለሁ ነው የምትዪው፣ አይደል?"

"አምስት ወር ያልኩህ ይህንኑ ነው!" አለች።

ትንሿ ልጃቸው ሰኞ ጠዋት አዲስ ደብተር ይዛ መጣች። በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ።